የቦርጉንድ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ስምንት መቶ ዓመት እንዴት ቆመ?

ጥያቄ፦ «ኖርዌይ ውስጥ የበርገን ከተማ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው በጋ ልጆቼን ይዤ ላርዳል ሸለቆ ውስጥ የሚገኘውን የቦርጉንድ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ጎብኝተን ነበር። እንጨቱ ስምንት መቶ ዓመት እንዳለፈው ተነገረን። እኛ አገር የቤት ቋሚ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከሥሩ ይበላል፤ ይህኛው እንዴት ቆየ? ጣሪያው ላይ ያሉት የዘንዶ ራሶችስ ሕንፃው ቀድሞ የጣዖት ቤት እንደነበር አያመለክቱም? ደግሞስ አጠገቡ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ አሮጌው ለምን አገልግሎት አቆመ?»

መልስ፦ ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ጉብኝት ቢያነሷቸውም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚፈቱት የመጀመሪያው በደንብ ከተፈታ በኋላ ነውና ከእንጨቱ እጀምራለሁ። ሥራዬ የጥንት የእንጨት ሕንፃዎችን መመርመርና መጠገን ስለሆነ በዚህ ክፍል ላይ ትንሽ ብቆይ ይታገሡኝ። የእኛ ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤቱን ቋሚ ማንሣትዎ የመልሱን ግማሽ ሰጥቶኛል። ጭቃ ቤት ያሠራ ሰው እንደሚያውቀው ያረጀ ቋሚ ሲነቀል ከአፈር በላይ ያለው አካሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ጫፉም ቢሆን አንዳንዴ ያን ያህል አይጎዳም፤ ቀድሞ የሚያልቀው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት፣ አንድ ስንዝር የማይሞላው ቦታ ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትንም አየርንም ስለሚፈልግና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ምስጥ የለም፤ ይህ በራሱ ትልቅ ዕድል ነው። ላርዳልም ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ተራሮቹ ስለሚያስቀሩበት፣ እርስዎ በየቀኑ ጃንጥላ ይዘው ከሚወጡበት ከበርገን ጋር ሲነጻጸር ደረቅ አገር ነው። ይሁን እንጂ እንደዚሁ ደረቅ በሆኑ ሸለቆዎች ውስጥ የነበሩ ብዙ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ የሉም፤ ስለዚህ የአየሩ ጠባይ ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም።

የኖርዌይ ሰዎች ክርስትናን ተቀብለው የመጀመሪያዎቹን አብያተ ክርስቲያናት ሲያንጹ ያደረጉት እኛ ጭቃ ቤት ስንሠራ የምናደርገውን ነበር፤ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቋሚውን አስገብተው፣ አፈሩን ጠቅጥቀው ሠሩ። ከእነዚያ ሕንፃዎች አንድም ቆሞ የተረፈ የለም። ከቦርጉንድ ብዙም በማይርቀው፣ በሉስተር ፊዮርድ ዳር በሚገኘው የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር በ1956 እና በ1957 በተደረገው ቁፋሮ ግን የቀደመው ሕንፃ ቋሚዎች የነበሩባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። የምዕራብ ኖርዌይ የጥንት ሕግ የሆነው የጉላቲንግ ሕግም ይህንኑ ችግር አስቀድሞ ያየ ይመስላል፤ ቤተ ክርስቲያን ቢፈርስና የማዕዘን ቋሚዎቹ ቢሰበሩ የአካባቢው ገበሬዎች አሥራ ሁለት ወር ሳይሞላ አዲስ እንጨት ቦታው ድረስ እንዲያመጡ፣ ይህን ባያደርጉ ግን ለጳጳሱ መቀጮ እንዲከፍሉ ያዛል። ሕግ አውጪዎቹ ከሕንፃው ሁሉ መርጠው የማዕዘኑን ቋሚ በስም መጥራታቸው የትኛው አካል ቀድሞ እንደሚከዳ በሚገባ ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

የቦርጉንድ አናጢዎች ያደረጉት ነገር በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ነው፤ ቋሚውን ከአፈር አወጡት። መሬቱ ላይ ደረቅ ድንጋይ ደረደሩ፤ በድንጋዩ ላይ ሁለቱ በቁመት፣ ሁለቱ በአግድም የሚተላለፉ አራት ወፋፍራም ግንዶችን አጋድመው እርስ በርሳቸው አቆላለፉ፤ የውስጡን ከፍ ያለ አዳራሽ የሚሸከሙት ረጃጅም ምሰሶዎች የቆሙት በእነዚህ ግንዶች ላይ ነው። የግንዶቹ ጫፎች ከአዳራሹ አልፈው ወደ ውጭ ይወጡና የዙሪያውን ግድግዳ መነሻ ግንዶች ይሸከማሉ። በዚህ አሠራር ሕንፃው እንደ አልጋ በእግሩ ቆሟል ማለት ይቻላል፤ ከሥሩ ነፋስ ይገባል፣ የረጠበው ይደርቃል፣ ከአፈር የሚነካው ድንጋይ ብቻ ነው።

የግድግዳው አሠራር ደግሞ ለአናጢ ዓይን የሚያስደስት ነው። በኖርዌይኛ «ስታቭ» ማለት ቋሚ ማለት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያም ከዚሁ የመጣ ነው። አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ክብ ግንዶች ሲሆኑ፣ እግራቸው ተፈልፍሎ ሁለቱ መነሻ ግንዶች በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ እንደ ኮርቻ ተፈናጠው ተቀምጠዋል። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ሽቅብ የቆሙ ወፍራም ሳንቃዎች ናቸው፤ ከሥር በመነሻው ግንድ ላይ በተቀደደው ቦይ፣ ከላይ ደግሞ በአግዳሚው ቦይ ገብተው፣ ጎን ለጎን አናጢዎቻችን ወንዴና ሴቴ በሚሉት አሠራር ተጋጥመዋል። ማያያዣው በአብዛኛው የእንጨት ችንካር ነው። እንጨት በእርጥበት ሲያብጥና በድርቅ ሲኮማተር ሳንቃው በቦዩ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ አይሰነጠቅም። ከላይ ወደ ታች የቆመ ሳንቃ ሌላም ጥቅም አለው፤ የዝናቡ ውኃ በእንጨቱ ጭረት እየተከተለ ቶሎ ይወርዳል እንጂ እንደ ተጋደመ ግንድ በየመጋጠሚያው አይተኛበትም። ደካማው ቦታ ታችኛው ቦይ ነው፤ ውኃ ከገባበት መውጫ የለውም። አናጢዎቹ ይህንንም ስላወቁ ሕንፃውን በዙሪያው ዝቅ ያለ ጣሪያ ባለው በረንዳ ከበቡት። ጎብኚዎች በረንዳውን ለውበት የተሠራ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ለመነሻው ግንድ የተደረበ ካባ አድርጌ ነው የማየው።

የውስጡን ደግሞ ቀና ብለው እንዳዩት እገምታለሁ። ምሰሶዎቹን ከፍ ብሎ የሚያያይዛቸው በሁለት አግዳሚዎች መካከል የተሰካው የ«ኤክስ» ቅርጽ ያለው ማገር ነው፤ ፈረንጆቹ የእንድርያስ መስቀል ይሉታል። ከዚያ በላይ ምሰሶን ከአግዳሚ፣ አግዳሚን ከወራጅ የሚያገናኙት ቆልማማ እንጨቶች ኖርዌጂያን አናጢዎች «ጉልበት» የሚሏቸው ናቸው። እነዚህ ከቀጥ ያለ እንጨት ተጠርበው የወጡ አይደሉም፤ ዛፉ ግንዱ ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ራሱ አጥፎ ያበቀላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ እንጨት ጭረቱ ከቅርጹ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ ሸክም ሲበዛበት አይሰነጠቅም። ነፋስ ሕንፃውን ሲገፋው መጋጠሚያዎቹ ጥቂት ይለጠጡና ይመለሳሉ፤ በዐውሎ ነፋስ ቀን ውስጡ የቆመ ሰው ሕንፃው እንደ ጀልባ ሲንቋቋ ይሰማዋል።

ስለ ዛፉ ዓይነትም አንድ ቃል ማለት ይገባኛል። በእኛ ቋንቋ ጥድ ስንል የሀበሻውን ጥድ ነው የምናስበው፤ የቦርጉንድ እንጨት ግን ሙጫው የበዛው፣ ፓይን የሚባለው ዛፍ ነው። በቀዝቃዛ አገር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የዕድገት ቀለበቶቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ልቡም ሙጫ የጠገበ በመሆኑ ፈንገስ በቀላሉ አይደፍረውም። የዕድሜው ነገር የታወቀውም ከእነዚሁ ቀለበቶች ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዘመኑ ጥሩ ሲሆን ወፍራም፣ ሲከፋ ቀጭን። ባለሙያዎች ከእንጨቱ እርሳስ የሚያህል ናሙና ወስደው የቀለበቶቹን ውፍረትና ቅጥነት ተራ ዕድሜው ከታወቀ የእንጨት መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ካልተጠረበ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ወቅቱንም ይናገራል። ለቦርጉንድ የተገኘው መልስ ከ1180 ወደ 1181 የተሻገረው ክረምት ነው። ያ ጊዜ ንጉሥ ስቬሬና ንጉሥ ማግኑስ ለዙፋኑ የሚዋጉበት ነበር፤ ማግኑስም በ1184 ላርዳል በሚገኝበት በሶግን አውራጃ ውስጥ ፊምሬይተ በተባለው ቦታ በተደረገ የባሕር ጦርነት ሞተ። መንግሥት በሚተራመስበት በዚያ ዘመን አንድ የተራራ ሸለቆ ማኅበር ተረጋግቶ ይህን የመሰለ ሥራ መጀመሩ ይገርመኛል።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ ሕንፃው ለምን ጥሩ ጅማሬ እንደነበረው ያስረዳል፤ ስምንት መቶ ዓመት ለምን እንደቆየ ግን ገና አልመለስኩም። ዋናው መልስ ቅጥራን ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ኖኅ መርከቢቱን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቃት ታዝዞ የለ? ቦርጉንድም እንዲሁ ከአናቱ እስከ እግሩ ቅጥራን የጠጣ ነው። ቅጥራኑ የመንገድ ሬንጅ አይደለም፤ ከዚያው ከፓይን ዛፍ የሚወጣ ነው። አሠራሩን ከሰል ሲከሰል ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሙጫ የጠገቡ ጉቶዎችና ሥሮች ተፈልጠው ወደ መካከሉ በሚያዘቀዝቅ ጉድጓድ ውስጥ ይከመራሉ፤ በሣርና በአፈር ይሸፈናሉ፤ እሳቱ አየር አጥሮት ቀስ እያለ ሲበላቸው ሙጫው ቀልጦ በጉድጓዱ ግርጌ ባለው መውረጃ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ከሰል ጠባቂ ጭሱን እያየ አፈር እንደሚመልሰው ሁሉ፣ ይህም እሳት ሌት ተቀን ጠባቂ ይፈልጋል።

የቅብ ቀን ደረቅና ሞቃት መሆን አለበት። ቅጥራኑ እስኪሳሳ ድረስ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ላዩ ላይ እንደ ቆዳ ይጋገራል እንጂ ወደ እንጨቱ አይሰርግም። ቀቢዎቹ በገመድ ተንጠልጥለው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡትን የጣሪያ እንጨቶች አንድ በአንድ ይቀባሉ። ልጆችዎ ምናልባት አስተውለው ይሆናል፤ የሰሜኑ ጎን ጠቁሮና ወፍሮ ሲታይ ፀሐይ የምትመታው የደቡቡ ጎን ቡናማና ስስ ነው። በበጋ ፀሐይ ቅጥራኑ ለስልሶ ስለሚወርድና ስለሚደርቅ የደቡቡ ጎን ቶሎ ቶሎ መቀባት ይኖርበታል። በእኔ ሙያ ያሉ ሰዎች የአንድን አጥቢያ ትጋት የሚለኩት በደቡቡ ግድግዳ ነው። እንግዲህ ስምንት መቶ ዓመት ያስቆጠረው እንጨቱ ብቻ ሳይሆን ይህ ልማድም ጭምር ነው፤ አንድ ትውልድ ቢዘነጋ ኖሮ ውኃ ወደ ታችኛው ቦይ ይገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእርስዎ ቤት ቋሚ ታሪክ ነው።

ወደ ዘንዶዎቹ ልለፍ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ብዙ ሰዎች እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከጣዖት ቤት የተለወጡ ናቸው ብለው ጽፈዋል። ለቦርጉንድ ግን መልሱ አያሻማም። ኖርዌጂያን ክርስትናን በአገራቸው ያጸና ቅዱስ ብለው የሚያከብሩት ንጉሥ ኦላቭ ስቲክለስታድ በተባለ ቦታ በጦርነት የወደቀው በ1030 ነው፤ የቦርጉንድ ዛፎች የተቆረጡት ከዚያ 150 ዓመት ዘግይቶ፣ አገሪቱ ጳጳሳትና ሊቀ ጳጳስ ከኖሯት በኋላ ነው። ሕንፃው ገና ከመጀመሪያው በሐዋርያው እንድርያስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን ነው። (በነገራችን ላይ እነሱ እንድርያስን የሚያስቡበት የኅዳር ወር መጨረሻ ቀን በዚያ ዘመን ይሠሩበት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ሲሰላ የእኛ ታኅሣሥ 4 ነው። የቦርጉንድ ገበሬዎችና የእኛ አባቶች ሳይተዋወቁ በዓሉን በአንድ ቀን ያከብሩት ነበር ማለት ነው።) ዘንዶዎቹ ያሉት በላይኛው ጣሪያ ጫፎች ላይ ሲሆን፣ ዝቅ ባሉት ጣሪያዎች ጫፎች ላይ ደግሞ መስቀሎች ቆመዋል። በምዕራቡ በር ዙሪያም ከሐረግ ጋር የተጠላለፉ ዘንዶዎች ተቀርጸዋል። ቅርጹ ከቫይኪንጎች ዘመን የወረሱት የጥበብ ልማድ መሆኑ አይካድም፤ የጥበብ ልማድ ግን እምነት ቢለወጥም ከአናጢው እጅ በቀላሉ አይወጣም። ብዙ የታሪክ ሰዎች የሚስማሙት ዘንዶዎቹ ክፉን ነገር ከቅዱሱ ቦታ እንዲያርቁ የተቀመጡ ጠባቂዎች ናቸው በሚለው ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ዘንዶ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ሥር ጠፍቶ አያውቅምና ማየቱ ብቻ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ያም ሆኖ ጥያቄዎ ፍጹም መሠረት የለውም አልልም፤ የሚያስደንቅ ምስክር እዚያው እንጨቱ ላይ ተጭሯል። በቦርጉንድ ግድግዳዎች ላይ መንገደኞችና ምእመናን በቢላ የጫሯቸው፣ ሩን በሚባለው በጥንቱ ፊደል የተጻፉ በርካታ ጽሑፎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የማርያም ሰላምታ ነው፤ በላቲን «አቬ ማሪያ» ይላል። ሌላው ደግሞ ቶሪር የተባለ ሰው በቅዱስ ኦላቭ በዓል ምሽት በዚያ ሲያልፍ የጻፈው ነው። የኦላቭ በዓል ሐምሌ 29 ስለሚውል ወቅቱ በዚያ አገር በጋ ነው፤ ቦታውም በምሥራቅና በምዕራብ ኖርዌይ መካከል በፊለፍየል ተራራ የሚያልፈው የጥንት መንገድ ዳር ነው። ሰውዬው ስሙንና ቀኑን ከጻፈ በኋላ ኖርኖች ደግም ክፉም ሠርተዋል፣ ለእኔ ግን ብዙ መከራ ሰጥተውኛል እያለ ያማርራል። ኖርኖች በቀድሞው እምነት የሰውን ዕጣ የሚፈትሉ ሴት መናፍስት ነበሩ። እንግዲህ ይህ ሰው በክርስቲያን በዓል፣ በሐዋርያ ስም በተሰየመ ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ቆሞ፣ ስለ ዕድሉ ሲያማርር የጠራው የአያቶቹን መናፍስት ነው። ሕንፃው የጣዖት ቤት አልነበረም፤ የሰዎቹ አንደበት ግን ከአሮጌው ቃል ገና አልተላቀቀም ነበር። ከዘንዶዎቹ ይልቅ ይህች አንድ ጭረት ዘመኑን የበለጠ ታሳየኛለች።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ አሮጌው ለምን አገልግሎት አቆመ የሚለው፣ ከመካከለኛው ዘመን አጥቢያ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ የቦርጉንድ ምእመናን እንደ እኛው ቆመው ነበር የሚያስቀድሱት፤ ለአረጋውያን ከግድግዳው ሥር ከተዘረጋው መቀመጫ በቀር ወንበር አልነበረም፤ ብርሃኑም ከላይ በኩል ከተከፈቱ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሻማ ነበር። ሕንፃው ጨለማ ነው ብለው ካዘኑ፣ የተሠራው ለሚያነብ ሳይሆን ለሚሰማና ለሚያይ ሰው መሆኑን ያስቡ። በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ በበርገን በኩል ገባና ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጨረሰ። ከሺህ በላይ ይሆኑ ከነበሩት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ሰው አጥተው ፈረሱ። የተረፈው ጥቂት ሕዝብ አዲስ ለመሥራት ምክንያትም አቅምም ስላልነበረው ያለውን እየጠገነ ኖረ። ቦርጉንድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዳነው ማጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሀብታሞቹ አጥቢያዎች አሮጌውን አፍርሰው ሰፊ ሲሠሩ ይህ የተራራ ሸለቆ ቅጥራኑን ቀባ።

በ1537 የሉተር ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ሲሆን አምልኮው ተለወጠ፤ ስብከት ዋናው ነገር ስለሆነ ሕዝቡ ተቀምጦ ማዳመጥና ከመጽሐፍ መዘመር ነበረበት። ስለዚህ ወንበር ገባ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ብርዱን ለመከላከልም ዝቅ ያለ ኮርኒስ ተመታ። ዛሬ የሚያዩት መስበኪያ ሰገነት ከ1550 እስከ 1570 ባለው ጊዜ፣ የመሠዊያው ሥዕል ደግሞ በ1654 የተሠሩ ናቸው፤ የድንጋዩ ማጥመቂያ ግን ከመካከለኛው ዘመን የቀረ ነው።

ከዚያ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጣ። ሕዝቡ በዛ። በ1851 የወጣው የአብያተ ክርስቲያናት ሕግ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ ከአጥቢያው ሕዝብ አሥር እጅ ሦስቱን መያዝ አለበት ብሎ ደነገገ። ይህች አጭር አንቀጽ ለአሮጌዎቹ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ከወረርሽኙ ያላነሰች መቅሠፍት ሆነች፤ በ1800 አካባቢ 95 ያህል ቀርተው ከነበሩት ከ1850 እስከ 1885 ባሉት ዓመታት ብቻ 32 ፈረሱ። ፍርዱ ከሕጉ በፊትም ጀምሮ ነበር፤ ቫንግ የተባለው የኖርዌይ አጥቢያ ሰዎች አሮጌውን ቤተ ክርስቲያናቸውን ሊያፈርሱ ሲሉ ሠዓሊው ዮሃን ክሪስቲያን ዳል ገዢ ፈልጎ በ1841 ለፕሩሲያ ንጉሥ አስገዛው፤ ሕንፃው ተፈታቶ ሄደና ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ካርፓች በተባለች ከተማ ቆሟል። ዳል ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት፣ በ1844 የተቋቋመው የኖርዌይ የጥንት ቅርሶች ጥበቃ ማኅበርም የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው።

ቦርጉንድ ሕጉን የሚያሟላ ስፋት አልነበረውም። አጥቢያው ግን አዲሱን ቤተ ክርስቲያን በአሮጌው መሠረት ላይ አላቆመውም፤ ክሪስቲያን ክሪስቲ የተባለ አርክቴክት ንድፉን ያወጣለት፣ እርስዎም አጠገቡ ያዩት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ1868 ተሠራ፤ አሮጌውም በዚያው ዓመት አገልግሎቱን አስረከበ። በ1877 ደግሞ የጥበቃው ማኅበር ገዛው፤ እስከ ዛሬም ባለቤቱ ይኸው ማኅበር ነው። እንግዲህ የተዘጋው የተናቀ ወይም የረከሰ ሆኖ አይደለም፤ ጠበበ፤ ተተኪው ሌላ ቦታ ስላገኘም ሳይፈርስ ቀረ። የዛሬ 28ቱ የኖርዌይ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሲመረመር፣ ብዙ ጊዜ የሞትና የሕይወት ልዩነት የሆነው አዲሱ የቆመበት ቦታ መሆኑን ያገኙታል።

እዚህ ላይ የሙያ ቅሬታዬን ልናገር። ከ1868 በኋላ ሕንፃውን ያደሱት ሰዎች ወደ መካከለኛው ዘመን መልኩ እንመልሰዋለን ብለው ወንበሮቹን፣ ኮርኒሱንና የኋላ ዘመን መስኮቶቹን አወጡ። ዛሬ ጎብኚው የሚያደንቀው ያ ባዶ፣ ጨለምለም ያለ፣ እስከ ጣሪያው ክፍት የሆነ አዳራሽ ከፊሉ የእነርሱ ምርጫ ነው። የሦስት መቶ ዓመት ተራ አምልኮ፣ የገበሬዎች ወንበርና ብርሃን፣ አብሮ ተጠርጎ ወጣ። በሌላ በኩል የውስጡ አሠራር እንዲህ ግልጽ ሆኖ ባይታይ ኖሮ ስለዚህ የአናጢነት ጥበብ የምናውቀው በጣም ያነሰ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ቅሬታዬ ሙሉ አይደለም። ቦርጉንድ ከሁሉ ይልቅ ጥንታዊ ቅርጹን የጠበቀ ተደርጎ ስለታየ ለሌሎቹ እድሳት መለኪያ ሆኖ አገልግሏል፤ ጎል ከተባለው ቦታ ተነሥቶ በ1880ዎቹ ኦስሎ አጠገብ ቢግዶይ ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን የጎደለው ሁሉ የተሞላው ቦርጉንድን እያዩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሳውዝ ዳኮታ ራፒድ ሲቲ በ1969 የቆመው ደግሞ ሙሉ ቅጂው ነው።

ቅጥራን ከውኃ ያድናል እንጂ ከእሳት አያድንም፤ እንዲያውም ያባብሳል። እርስዎ በሚኖሩበት በርገን ከተማ የነበረው የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 6 ቀን 1992 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ወደመ፤ ዛሬ የሚያዩት እንደገና የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ በቀሩት ላይ የእሳት መከላከያው ተጠናከረ፤ ከ2001 እስከ 2015 ድረስም የአገሪቱ የቅርስ ዳይሬክቶሬት 28ቱንም የሚያዳርስ የጥገና መርሐ ግብር አካሂዷል።

ተመልሰው የሚሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለብቻው የቆመው ደወል ቤት ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያው በቋሚ አሠራር የተሠራ ሲሆን፣ ከዓይነቱ ኖርዌይ ውስጥ የቀረው እርሱ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ ግን ፎቶውን ሲያነሣ ጀርባውን ይሰጠዋል። ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን በኩል ጎንበስ ብለው የሚያዩት ነው። ድንጋዩን፣ በድንጋዩ ላይ የተጋደመውን ግንድ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ ከቻሉም እጃቸውን ወደ ክፍተቱ ያስገቡ፤ ከሥር የሚመጣው ነፋስ ይነካቸዋል።